ፍራሽ፣ ሶፋ፣ ሄልሜት፦ ለየትኛው ሥራ የትኛው ስፖንጅ?

ጅማ ውስጥ ቡና ያለ ሚዛን አይሸጥም። ሐሙስ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ጆንያው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ሳያውቅ ዋጋ አይቆርጥም፤ ገዢውም ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ ድርቀቱን ሳያይ ብር አያወጣም። ፍራሽ ስንገዛ ግን ሱቁ በር ላይ የተደገፈውን ስፖንጅ በመዳፋችን ጫን እናደርግና፣ ተመልሶ ሲነሳ አይተን «ጥሩ ነው» ብለን ባጃጅ ላይ አስጭነን እንሄዳለን።

እኔም የመጀመሪያውን የገዛሁት እንዲሁ ነው። ቂጦ ፉርዲሳ አካባቢ ክፍል ተከራይቼ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ፣ እጅ ሲጫነው ደስ የሚል ፍራሽ አገኘሁ። ክረምቱ ሳይወጣ መሃሉ ጎደጎደ። ጠዋት ጠዋት ወገቤን ይዤ መነሳት ጀመርኩ። ሶፋ የሚሠሩ ጎረቤታችንን ጠርቼ ባሳያቸው ጠርዙን ቀደድ አድርገው አዩትና «ልጄ፣ አየር ነው የሸጡልሽ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለራሴም፣ ለእናቴም፣ ለዘመድ አዝማድም ስፖንጅ ስገዛ ያጠራቀምኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ክብደቱን ሳታውቁ አትግዙ

ስፖንጅ የሚሠራው ሁለት ፈሳሽ ኬሚካሎችን ከጥቂት ውኃ ጋር በመደባለቅ ነው። ውኃው ከአንደኛው ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ጋዙም ድብልቁን እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ያደርገዋል፤ ኩፍ እንዳለም ይደርቃል። ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ይህን ቁስ እ.ኤ.አ. በ1937 ጀርመን ውስጥ ያገኙት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ናቸው። ለፍራሽና ለወንበር የሚሆነው ለስላሳ ዓይነት ገበያውን የያዘው ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነው።

ጎረቤቴ «አየር» ያሉት አልተሳሳቱም። ደህና የሚባለው ፍራሽ እንኳ 98 በመቶው አየር ነው። ልዩነቱ ያለው በቀረው 2 በመቶ ውስጥ ነው፤ እሱም የሚታወቀው በክብደት ነው። ነጋዴዎቹ «ዴንሲቲ» የሚሉት፣ በትምህርት ቤት «እፍጋት» ብለን የተማርነው፣ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚነግረው ቁጥር ነው። 25 ከተባለ አንድ ሜትር ኩቡ 25 ኪሎ ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ ፍራሹ ላይ ቢጻፍም ባይጻፍም ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን በሜትር አባዙ። 1.90 በ1.20፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ 0.456 ሜትር ኩብ ይሆናል። እፍጋቱ 15 ከሆነ ስፖንጁ 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 20 ከሆነ 9 ኪሎ፤ 25 ከሆነ 11 ኪሎ ተኩል ገደማ፤ 30 ከሆነ ደግሞ 14 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ለልባሱና ለፕላስቲኩ አንድ ኪሎ ያህል ቀንሱለት።

ሚዛን ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ መንገድ ዳር የሰው ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች አሉ። መጀመሪያ ብቻችሁን ቁሙ፣ ቀጥሎ ፍራሹን ተሸክማችሁ ቁሙ። መጀመሪያ 62፣ በኋላ 71 ካሳየ ፍራሹ 9 ኪሎ ነው። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ፤ ለዓመታት የምትተኙበት ዕቃ ነው።

እንደ ልምዴ ከ20 በታች ያለውን ለዕለት መኝታ አልመክርም። ከ20 እስከ 25 ያለው አልፎ አልፎ ለሚመጣ እንግዳና ገና ክብደት ላልጨመረ ልጅ ይበቃል። አዋቂ ሰው በየቀኑ ለሚተኛበት 28ና 30ን ፈልጉ፤ ከበድ ላለ ሰው ወይም ባልና ሚስት ለሚተኙበት ከዚያም ከፍ ያለውን።

ሁለት ነገር ግን እንዳያሳስታችሁ። አንደኛው፣ ጥንካሬና እፍጋት ለየቅል ናቸው። ቀላል ስፖንጅ በኬሚካሉ ቅመማ ተጠንክሮ ሊወጣ ይችላል፤ ሱቅ ውስጥ ሲጫኑት ጠንካራ ይመስላል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አየር የያዙት የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ተሰባብሮ ይሟሽሻል። የኔ የመጀመሪያው ፍራሽ እንዲህ ያለ ነበር። በተቃራኒው እፍጋቱ ከፍ ያለ ሆኖ ለስላሳ የሆነም አለ። እጅ የሚነግራችሁ የዛሬውን ልስላሴ ነው፤ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚነግራችሁ ሚዛኑ ነው። ሁለተኛው፣ ክብደት እንዲያነሳ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚጨመርበት ስፖንጅም አለ። ልባሱን ከፍታችሁ ጥግ ላይ በጣታችሁ ፈትጉት። ዱቄት ከወጣ፣ ወይም ትንሽ ጎተት ሲደረግ እንደ ዳቦ ከተቆረሰ፣ ሚዛኑ ያሳየው ክብደት የስፖንጅ አይደለም።

የጅማ እርጥበትና ፍራሽ

ከተማችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ይህ ለቡናው በረከት ነው፤ ለፍራሽ ግን ፈተና ነው። አዳማ ወይም ድሬዳዋ የሚኖር ዘመድ «ይኼ ጥሩ ነው» ያለው ሁሉ እዚህ አይሠራም።

የጥጥ ፍራሽ ደህና ተደርጎ ከተሠራ ጠንካራና ለወገብ የሚስማማ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ተፈትቶ፣ ጥጡ ተባዝቶ እንደ አዲስ ይሆናል። ስፖንጅ ይህ ዕድል የለውም፤ አንዴ ከሞተ ሞተ። ነገር ግን ጥጥ እርጥበት ይጠጣል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ለቀናት ስትጠፋ የጥጥ ፍራሽ ይከብዳል፣ ይሸታል፣ ማስጫም አይገኝም። በበጋ የማሰጣት ጉልበትና ግቢ ላለው ሰው አሁንም እመርጠዋለሁ። ኮንዶሚኒየም ወይም ጠባብ ክፍል ለሚኖር ስፖንጅ ይቀላል።

ስፕሪንግ ፍራሽ አየር እንደ ልብ ያስተላልፋል፣ ሙቀትም አይዝም። የምቾቱ ግማሽ ግን ከሽቦው በላይ የተነጠፈው ስፖንጅ ነው። ያ ስስና ቀላል ከሆነ በሁለት ዓመት ሽቦው ጎን ይወጋል፤ እርጥበት በሚበዛበት ክፍል ደግሞ ሽቦው ዝገት ይጀምረዋል። በጥሩ ስፖንጅና በርካሽ ስፕሪንግ መካከል ከሆነ ምርጫችሁ፣ ሳላመነታ ስፖንጁን እላለሁ።

ከፋብሪካ ቁርጥራጭ ተጨፍልቆና ተጣብቆ የሚሠራው፣ ልባሱን ሲከፍቱት ዥንጉርጉር ሆኖ የሚታየው ዓይነት አራተኛው ነው። ከባድና ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይጎደጉድም። በጀርባቸው የሚተኙና ጠንካራ መኝታ የለመዱ ሰዎች ይወዱታል። በጎን ለሚተኛ ሰው ግን ትከሻና ዳሌን ይጫናል። እኔ ጥሩ ያገኘሁት ከሥር እሱን፣ ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ለስላሳ ስፖንጅ አድርጎ መደረብ ነው።

የትኛውንም ብትገዙ መሬት ላይ አታንጥፉት። ከሰውነት የሚወጣው የላብ እንፋሎት ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ጋር ሲደርስ ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፍራሹን ገልብጣችሁ ብታዩ ሻጋታው ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አልጋ ለጊዜው መግዛት ካልቻላችሁ ከዕቃ ማራገፊያ የሚገኝ የእንጨት ርብራብ እንኳ ይበቃል። የአልጋው ጣውላ በጣም ከተራራቀ ደግሞ ስፖንጁ በክፍተቱ እየገባ ይቀደዳል፤ ከአራት ጣት በላይ እንዳይራራቅ።

ፍራሹ የመጣበትን ፕላስቲክ አውልቁት። አዲስነቱ እንዲቆይ ብለው ዓመት ሙሉ ከነፕላስቲኩ የሚተኙ ብዙ ቤቶች አውቃለሁ፤ ሀሳባቸው ይገባኛል፣ ዕቃው ውድ ነው። ነገር ግን ላቡ መውጫ አጥቶ እዚያው ይሰበሰባል። ይልቅ የሚታጠብ የጨርቅ ልባስ በዚፕ አሰፉለት። ስፖንጅ ሲረጥብም ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር በጎኑ አቁሙት፤ ጠራራ ፀሐይ ቢጫ ያደርገዋል፣ ላዩንም ያፈረፍረዋል።

አሮጌ ፍራሽ ከሰው ከመግዛታችሁ በፊት ስፌቱን ዙሪያውን ግለጡና ትኋን ፈልጉ። በስፌቱ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

ሲገዙ ለመሞከር ከተፈቀደላችሁ፣ ሁልጊዜ በምትተኙበት አኳኋን አሥር ደቂቃ ያህል ተኙበት። በጀርባ ስትተኙ በወገባችሁና በፍራሹ መካከል እጅ እንደ ልብ የሚገባ ከሆነ ለእናንተ ጠንክሯል። ዳሌ ሰምጦ ለመገልበጥ ትግል ከሆነባችሁ ደግሞ ለስልሷል።

ከአልጋ ለማይነሳ ሰው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ ሰውን የሚጎዳው እዚህ ስለሆነ ነው። እናቴ ዳሌዋን ተሰብራ ለወራት በተኛችበት ጊዜ በቤታችን ያለውን ወፍራም ፍራሽ ሰጥተናት ተረጋግተን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ተረከዟና ከወገቧ በታች ያለው አጥንት ላይ ቆዳዋ ጠቆረ፣ ሞቀ።

የአልጋ ቁስል የሚመጣው አጥንቱ ከላይ፣ ፍራሹ ከታች ሆነው ቆዳውን ሲጨምቁት ደም ስለማይደርሰው ነው። ስፖንጅ የሚረዳው ክብደቱን በሰፊው በመበተን ነው። ስስ ወይም ያረጀ ከሆነ ሰውየው ሰምጦ የአልጋው ጣውላ ላይ ያርፋል፤ ከውጭ ግን ፍራሹ ወፍራም ይመስላል። መሞከሪያው እጅ ነው። ከላይ የደረባችሁት ለስላሳ ስፖንጅ ሥር፣ በበሽተኛው ዳሌ ትይዩ፣ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። አጥንቱ መዳፋችሁን ከተጫነው፣ ወይም በመካከሉ የቀረው ስፖንጅ ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ካነሰ፣ ያ ስፖንጅ ሥራውን እየሠራ አይደለም።

ለዚህ ዓይነት መኝታ ከሥር እፍጋቱ ከፍ ያለ ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ ለስላሳ ድርብ ይሁን። አቅም ካለ ሜሞሪ ፎም የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ለናሳ በተደረገ ምርምር የተገኘው፣ የሰውነትን ቅርጽ ተከትሎ ዝግ እያለ የሚሰምጠው ዓይነት ለላይኛው ድርብ ይሆናል። እሱ የሚለሰልሰው በሙቀት ነው፤ በቀዝቃዛ ሌሊት መጀመሪያ ላይ ደረቅ ቢል አትደንግጡ። መሃሉ የተበሳ የቀለበት መቀመጫ ግን አታድርጉ፤ ዙሪያው ያለውን ደም ስር ስለሚጫን ቁስሉን ያባብሰዋል። ከተረከዙ ሥር ሳይሆን ከባቱ ሥር ትራስ አድርጋችሁ ተረከዙን አየር ላይ አንጠልጥሉት።

ምንም ዓይነት ስፖንጅ ቢገዛ ማገላበጥን አይተካም። እናቴ በየሁለት ሰዓቱ ጎን መቀየር አለባት ተብለን በተራ እንነሳ ነበር። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ስለማይታይ መፈለግ ያለባችሁ ከአካባቢው ይበልጥ የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የደደረ ቦታ ነው። እሱን ካያችሁ ሐኪም ቤት ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩ።

ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ለስላሳው አደጋ ነው። ሕፃን ፊቱ ስፖንጁ ውስጥ ከሰመጠ ራሱን ማዞር አይችልም። ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ፣ በጀርባ ማስተኛት፣ ያለ ትራስ። ለእሱ ስትገዙ ልስላሴ አትፈልጉ።

ሶፋና መጅሊስ

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ፣ መቀመጫው ጎድጎድ ብሎ፣ ያለ ምንም ስፖንጅ ሰውን ለሰዓታት ያስቀምጣል። ምክንያቱም ጠራቢው እንጨቱን በሰውነት ቅርጽ ስላበጀው ክብደት ይበተናል። ሶፋ ሠሪ ይህን ሥራ ለስፖንጁ ነው የሚተወው። ስለዚህ ሶፋ ስታሠሩ ስለ ጨርቁ ቀለም ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ ውስጡ ተነጋገሩ።

የመቀመጫው ስፖንጅ እፍጋቱ ከ30 ባይወርድ ይሻላል፤ ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ ከመኝታ ይልቅ በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ነው። የጀርባውና የክንዱ ግን 20 ቢሆንም ይበቃል፤ እዚያ ላይ ገንዘባችሁን ቆጥቡ። ከስፖንጁ ሥር ምን እንዳለም ጠይቁ። የሚለጠጥ ቀበቶ ወይም ስፕሪንግ ካለ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ኮምፔንሳቶ ላይ በቀጥታ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ሸክሙ ሁሉ በስፖንጁ ላይ ስለሚወድቅ 15 አድርጉት። ሠራተኛው ጨርቁን ከመወጠሩ በፊት «መጥቼ ልየው» በሉ። የኛ ጎረቤት ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ ይወዳሉ፤ የማይወድ ሠሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ለዓረቢያን መጅሊስ ያ ዥንጉርጉር የተጨፈለቀ ስፖንጅ ከሁሉ ይሻላል። ወለል ላይ ስለሚቀመጥ ለስላሳው ቶሎ ይሞታል፤ ሰውም ከዚያ ዝቅታ ለመነሳት ይቸገራል፣ በተለይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልልቅ ሰዎች። ከግድግዳው ሁለት ጣት ፈቀቅ አድርጉት፣ በሳምንት አንዴም ገልብጣችሁ አናፍሱት። ለመስገጃ ምንጣፍ ከሥር የሚደረገውም እንዲሁ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠጠር ያለ ይሁን፤ ወፍራምና ለስላሳው ጉልበትን ያሰምጣል እንጂ አያሳርፍም።

አንድ ነገር ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፦ ስፖንጅ እሳት ይወዳል። ቡና በምናፈላበት ክፍል ውስጥ ሶፋውና መጅሊሱ ዙሪያውን ይከቡናል፣ የከሰሉ ምድጃ መሃል ነው፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ስፖንጅ አንዴ ከተያያዘ በደቂቃዎች ውስጥ ክፍሉን ይሞላል፤ ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ ስላለበት ከነበልባሉ በፊት ሰው ይጥላል። ምድጃውን ከመቀመጫው ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት። መብራት ሲጠፋ ሻማ የአልጋ ራስጌ ላይ አታቁሙ። ረመጥ ሶፋ ላይ ቢወድቅ በእጅ አራግፎ መተው አይበቃም፤ ውስጥ ለውስጥ ሲጤስ ይቆያል፣ ውኃ አፍስሱበት።

የሚሰበረው ፎም

ከምት ለመከላከል የሚያገለግለው ግን ሌላ ቁስ ነው። ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚወጣው፣ ሲቆርሱት እንደ ፋንዲሻ የሚበተነው ነጭ ፎም ፖሊስቲሪን ይባላል። እሱም አብዛኛው አየር ነው፤ አየሩ ግን በየፍሬው ውስጥ ታሽጓል። የመኝታው ስፖንጅ ተጭኖ ይመለሳል። ነጩ ፎም ግን ምቱን የሚቀበለው ራሱ ተሰባብሮ ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ ሞተር ለሚነዳ ሰው ነው።

ሄልሜት ስትገዙ የውስጡን ጨርቅ ገለጥ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ተጫኑት። ከለስላሳው ስፖንጅ ጀርባ ጠጠር ያለ ወፍራም ፎም ማግኘት አለባችሁ። ስፖንጁን አልፎ ጣታችሁ ፕላስቲኩን ከነካ፣ የያዛችሁት ኮፍያ ነው፤ መልሱት። ጠጠር ያለው ፎም ነው አንጎል የሚደርሰውን ምት የሚያበርደው፤ ለስላሳው ለምቾትና ራስ ላይ ልክ እንዲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከባድ አደጋ የደረሰበት ሄልሜት ከላይ ባይሰነጠቅም ውስጡ ተጨፍልቋልና አይደገምም። ቤንዚን ባለበት ጨርቅ አትወልውሉት፣ ከነዳጅ ጀሪካን አጠገብም አታስቀምጡት፤ ቤንዚን ነጩን ፎም ያሟሟዋል። ያገለገለ ሄልሜት መግዛትም ለዚህ ነው የማልመክረው፤ ምን እንደደረሰበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

ዕቃ ለመላክም ደንቡ ይኸው ነው፦ የፎሙ ጥንካሬ ከዕቃው ክብደት ጋር ይመጣጠን። ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒውተር በአውቶቡስ አዲስ አበባ ስትልኩ ነጩን ፎም ከነካርቶኑ ተጠቀሙ፤ ስለዚህ ስትገዙ አትጣሉት። ጀበናና ስኒ ግን ቀላልና ተሰባሪ ስለሆኑ ነጩ ፎም ይጠነክርባቸዋል። ለእነሱ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ይሻላል። የጀበናውን አንገትና ጆሮ ለብቻ ጠቅልሉ፣ ሆዱን ከካርቶኑ በሁሉም አቅጣጫ አራት ጣት አርቁት፣ ካርቶኑን ስትነቀንቁት ምንም እንዳይንቀሳቀስ ሙሉት። ከባድ ዕቃ በለስላሳ ስፖንጅ ብትጠቀልሉ ደግሞ በመጀመሪያው ጉድጓድ ስፖንጁ ተጨፍልቆ ዕቃው ከካርቶኑ ወለል ጋር ይላተማል።

የጎረቤት ድምፅ ለመከልከል ግድግዳ ላይ ስፖንጅ ለመለጠፍ የምታስቡ፣ ገንዘባችሁን ያዙ። ስፖንጅ በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ይቀንሳል እንጂ ከግድግዳው ማዶ የሚመጣውን አያቆምም። ክፍተት ያለውን በርና መስኮት መድፈን ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ያረጀውን ፍራሽ ግቢ ውስጥ አታቃጥሉት፣ አወቱ ወንዝም ዳር አትጣሉት። ጭሱ ከላይ ያልኩት መርዝ ነው፤ ወንዙ ውስጥ የገባው ደግሞ ቱቦ ይዘጋል እንጂ አይበሰብስም። ያልሻገተውን ክፍል ቆርጣችሁ ለባጃጅ ሾፌር የወገብ መደገፊያ፣ ለልብስ ማጠቢያ ጊዜ የጉልበት መንበርከኪያ አድርጉት። የቀረውን በጆንያ አጠራቅማችሁ ለሶፋ ሠሪ ስጡ፤ ለትራስና ለመከዳ መሙያ ይጠቀምበታል።